የቀርከሃው ሰይፍ፦ የሳሙራይ ፊልሞች ስለ ጃፓን የሚናገሩት

በ1962 የተሰራ «ሃራኪሪ» የሚባል የጃፓን ፊልም አለ፣ ዳይሬክተሩ ማሳኪ ኮባያሺ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ታሪኩ የሚካሄደው በ1630 ነው። ጌታ የሌለው አንድ ወጣት ሳሙራይ ኤዶ ከተማ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ወደ አንድ ትልቅ መስፍን ግቢ ይመጣና ኑሮ አልሆነልኝም፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሆዴን ቀድጄ በክብር ልሙት ፍቀዱልኝ ይላል። ያኔ እንዲህ እያሉ የሚመጡ ድሆች ብዙ ነበሩ፣ አብዛኞቹ የምር ሊሞቱ ሳይሆን ባለግቢው አዝኖ ሳንቲም ሰጥቶ ይሸኘናል ብለው ነው። የዚህ ግቢ ሰዎች ግን ለሌላው መቀጣጫ ይሁን ብለው እሺ፣ ሙት ይሉታል። ልጁ ትንሽ ቀን ስጡኝ፣ ቤቴ ደርሼ ልምጣ ብሎ ይለምናል፣ የሚሰማው የለም። ሰይፉ ሲታይ ደግሞ ከሰገባው የወጣው ብረት ሳይሆን ቀርከሃ ነው፣ እውነተኛውን ሸጦታል። የሳሙራይ ነፍሱ ሰይፉ ነው፣ ስለዚህ በገዛ ሰይፉ ይሞታል ብለው ያንኑ ቀርከሃ ፊቱ ያስቀምጡለታል።

ቀርከሃ ደግሞ ሆድ አይቀድም። ልጁ ዱልዱሙን ጫፍ ሆዱ ላይ ያደርግና የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ይጥልበታል፣ አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዙሪያውን የተደረደሩት ባለማዕረጎች ልብሳቸው እንኳ ሳይዛነፍ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ አንገቱን ቆርጦ ሊገላግለው የቆመው ሰውዬም ገና አልበቃም፣ በደንብ ቅደደው እያለ ያቆየዋል። በመጨረሻ ልጁ ምላሱን ነክሶ ይሞታል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ማታ በላፕቶፕ ነበር፣ እዚህ ጋ ስደርስ አቁሜ ተነስቼ በረንዳ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ይሄን ያነሳሁት ከ2024 ወዲህ ሳሙራይ እንደገና የአለም ወሬ ስለሆነ ነው። «ሾጉን» የሚባለው ተከታታይ ድራማ አብዛኛው ንግግሩ በጃፓንኛ ሆኖ ሳለ በአንድ ሲዝን 18 የኤሚ ሽልማት ወስዶ ሪከርድ ሰበረ፣ ዋናው ተዋናይ ሂሮዩኪ ሳናዳም አብሮ ፕሮዲዩስ አድርጎታል፣ ዊጉም ልብሱም አካሄዱም በትክክል እንዲሰራ ከጃፓን ባለሙያ ያስመጣው እሱ ነው። በጣም ጥሩ። ግን አብሮት ሌላ ነገርም መጣ። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሞቲቬሽን ቪዲዮ ሞልቷል፣ ዝናብ ውስጥ የቆመ ባለሰይፍ፣ ከጀርባ ከባድ ሙዚቃ፣ «የሳሙራይ 7 ህጎች»፣ ታማኝ ሁን፣ አታጉረምርም፣ ሞትን ናቅ። በነዚህ ቪዲዮዎች ያደገ ልጅ የሳሙራይ ፊልም ማለት የታዛዥነትና የጀግንነት ስብከት ይመስለዋል። ምርጥ ምርጦቹን ፊልሞች ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያገኘው። ጃፓኖች በነዚህ ፊልሞች ከራሳቸው ጋር ነው የሚከራከሩት፣ የክርክሩም ጉዳይ መታዘዝ ነው፣ ሰው ለጌታው፣ ለመስሪያ ቤቱ፣ ለመንግስቱ እስከ የት ድረስ ነው የሚታዘዘው፣ ሲታዘዝስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው።

መጀመሪያ ሳሙራይ እውነት ምን እንደነበረ እንይ። ከ1600ው የሴኪጋሃራ ጦርነት በኋላ ቶኩጋዋ የሚባሉት ቤተሰብ ስልጣኑን ጠቅልለው ያዙ፣ ገዢያቸውም ሾጉን ይባላል፣ ከ1603 እስከ 1868 ድረስም እነሱ ገዙ፣ ይሄ ከ250 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ አብዛኛውም ሰላም ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ከህዝቡ አንድ አስረኛ እንኳ የማይሞላ ሁለት ሁለት ሰይፍ የታጠቀ የወታደር መደብ አለ፣ ጦርነት ግን የለም። ምን ሆኑ? ጸሐፊ ሆኑ፣ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ፣ ሂሳብ ያዥ ሆኑ። የሚከፈላቸው በሩዝ ነው፣ መለኪያው ኮኩ ይባላል፣ አንድ ኮኩ አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎ የሚታሰብ ሩዝ ሲሆን ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። እኛ በድሮው ቋንቋ ቀለብተኛ የምንለው ነው ነገሩ። ጌታው ግዛቱን ከተነጠቀ ደግሞ ቀለቡ ይቆማል፣ ሰውየው ሮኒን ይሆናል፣ ማለትም ጌታ አልባ ሳሙራይ። የሂሮሺማው ጌታ ፉኩሺማ ማሳኖሪ ጎርፍ ያበላሸበትን ግንብ ያለ በቂ ፈቃድ ጠገንክ ተብሎ በ1619 ግዛቱን ተነጠቀ፣ ከሱ በታች ያሉት ሰዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። ይሄ እውነተኛ ታሪክ ነው፣ የ«ሃራኪሪ» ዋና ገጸ ባህሪ ሃንሺሮም ከዚሁ ቤት የተበተነ ሰው ተደርጎ ነው የተሳለው።

ታዲያ ያ ቡሺዶ የሚባለው፣ የሳሙራይ መንገድ፣ ከየት መጣ? ቃሉ ድሮም ነበር፣ አለም የሚያውቀውን ቡሺዶ ያስተዋወቀው ግን ኒቶቤ ኢናዞ ነው፣ በ1900 በታተመ መጽሐፉ። ኒቶቤ ከሳሙራይ ቤተሰብ የተወለደ፣ ክርስቲያን የሆነ፣ አሜሪካዊት ያገባ ምሁር ነበር፣ መጽሐፉን የጻፈው አሜሪካ ሆኖ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለፈረንጆቹ እኛም የሞራል መሰረት አለን ብሎ ለማስረዳት። በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መውጣት በአዋጅ ተከልክሏል፣ መጽሐፉ ሲወጣ የሳሙራይ መደብ ራሱ ከፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሌላው ደግሞ ሁሉም የሚጠቅሰው «ሃጋኩሬ» የሚባለው መጽሐፍ ነው፣ የሳሙራይ መንገድ ሞት ነው የሚለው፣ ባለ ሐሳቡ ያማሞቶ ጹኔቶሞም የኖረው በሰላሙ ዘመን ነው፣ አንድም ጦርነት ላይ አልተሰለፈም። ቲክቶክ ላይ እንደ ጥንት ህግ የሚነበብልን ነገር እንግዲህ አንዱ ናፍቆት ነው፣ ሌላው ለውጭ ሰው የተዘጋጀ ማስረጃ።

ችግሩ ይሄ ናፍቆት መጽሐፍ ላይ አለመቅረቱ ነው። በ1930ዎቹና በጦርነቱ ዘመን የጃፓን ወታደራዊ መንግስት ቡሺዶን ከገበሬ ልጅ እስከ ተማሪ ድረስ ሁሉንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ሙት ማለቻ አደረገው፣ ሲኒማውም በዚሁ ተጠመደ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖቹ ገብተው መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ ፊልም ማገድ ነበር፣ 13 የተከለከሉ ጉዳዮች የያዘ ዝርዝር አወጡ፣ በቀል፣ ለጌታ ሲባል ራስን መግደል፣ ጭፍን ታማኝነት እዛ ውስጥ አሉ፣ 236 ፊልም ታገደ። የታወቀው ዳይሬክተር የኩሮሳዋ አኪራ አንድ አጭር ፊልም አለ በ1945 የተሰራ፣ ስለ አንድ የሸሸ ጌታና አሽከሩ፣ እሱን የጃፓን ሳንሱር ባህላችንን ያቃልላል ብሎ ጠመደው፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ፊውዳል ነው ብለው አገዱት፣ ህዝብ ፊት የቀረበው በ1952 ነው። አንዱን ፊልም ሁለቱም ወገን የፈራው ማለት ነው።

እገዳው ሲነሳ ዳይሬክተሮቹ ወደ ሰይፉ ተመለሱ፣ ግን ጦርነቱን ያዩ ሰዎች ሆነው። ኮባያሺ ራሱ በ1942 ተመልምሎ ማንቹሪያ ተላከ፣ ማዕረግ ሲሰጠው አልፈልግም ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ ቆየ፣ ጦርነቱ ሲያልቅም ኦኪናዋ ላይ ምርኮኛ ነበር። ትዕዛዝ ምን እንደሆነ ከስር ሆኖ ያየ ሰው ነው። ለዛ ነው «ሃራኪሪ» ውስጥ አንድ ባዶ ጥሩር ያለው። የቤቱ ቅድመ አያቶች ምልክት ነው፣ ሰው የሌለበት የብረት ልብስ፣ ሁሉም ይሰግድለታል። ያ የሞተው ልጅ የሃንሺሮ አማች ነበር፣ ሰይፉን የሸጠው ለታመሙት ሚስቱና ልጁ ብሎ ነው፣ ሃንሺሮ ይሄንን የሚያውቀው ሬሳው ቤት ከመጣ በኋላ ነው። እዚህ ጋ በጣም የሚያመኝ ሲን አለ፣ ሃንሺሮ የራሱን ሰይፍ ያወጣና እያየው ያለቅሳል፣ ቤቱ እየተራበ የልጅ ልጁ በትኩሳት እየነደደ እሱ ይሄን ብረት መሸጥ አንድ ቀን እንኳ ሀሳቡ አልመጣለትም ነበር፣ ልጁ ግን ሸጦታል። ያ ቀርከሃ ከእውነተኛው ሰይፍ የበለጠ ክብር ያለው መሆኑ እዛች ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። ከዛ ሄዶ ያንን ጥሩር አንስቶ ያፈርጠዋል። የግቢው ሰዎች በመጨረሻ ጥሩሩን መልሰው ይገጣጥሙታል፣ ደሙን ያጥባሉ፣ በቤቱ መዝገብ ላይም የሞቱት ሰዎቻችን በህመም ነው የሞቱት ብለው ይጽፋሉ። መዝገቡ ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። የጦርነቱ ሪፖርቶች እንዴት ይጻፉ እንደነበር የሚያስታውስ የ1962 ጃፓናዊ ተመልካች ስለ 1630 ብቻ እያየ እንዳልሆነ ያውቃል።

ከዚህ ስምንት ዓመት በፊት ደግሞ የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ወጥቷል፣ በ1954፣ 207 ደቂቃ የሚፈጅ። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አሜሪካኖች በ1960 ወደ ካውቦይ ቀይረውታል። ሽፍታ የሚዘርፋቸው ገበሬዎች ሳሙራይ ይቀጥራሉ፣ ክፍያው ሩዝ ብቻ ነው፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ማሽላ መሰል እህል እየበሉ ነጩን ሩዝ ለተዋጊዎቹ ይሰጣሉ። ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ዝናብ ውስጥ ስላለው የመጨረሻ ውጊያ ነው፣ እኔ ግን ሌላ ቦታ ነው የምቆመው። ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ኪኩቺዮ ሳሙራይ ነኝ ብሎ የገባ የገበሬ ልጅ ነው። ገበሬዎቹ ከሸሹ ሳሙራዮች የዘረፉት ጥሩርና መሳሪያ ደብቀው ሲገኝ ሌሎቹ ሳሙራዮች ይቆጣሉ፣ ኪኩቺዮ ይነሳና ይጮህባቸዋል፣ አዎ ገበሬ ውሸታም ነው፣ ስግብግብ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ሩዙንም ጠላውንም ይደብቃል፣ ግን እንዲህ ያደረገው ማን ነው? እናንተ ናችሁ፣ መንደር የምታቃጥሉ፣ ሴት የምትደፍሩ፣ እህል የምትቀሙ። ዝም ይላሉ። የሳሙራይ ፊልም ውስጥ ሳሙራይ አንገቱን ደፍቶ ሲሰደብ ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፣ አራቱንም የገደላቸው ነፍጥ ነው፣ አንድም በሰይፍ የሞተ የለም። ስንት ዓመት የተለማመዱት ጥበብ ከሩቅ በተተኮሰ ጥይት ያልቃል። የተረፉት ሶስቱ መቃብሩ ስር ቆመው ገበሬው እየዘፈነ ሩዝ ሲተክል ያያሉ፣ መሪያቸውም ያሸነፉት እነሱ ናቸው፣ እኛ አይደለንም ይላል።

ጃፓኖች ይሄን ሁሉ የሚገልጹባቸው ሁለት ቃላት አሏቸው፣ ጊሪ እና ኒንጆ። ኒንጆ የሰው ስሜት ነው፣ ፍቅር፣ ርህራሄ። ጊሪን ብዙ ጊዜ ግዴታ ብለው ይተረጉሙታል፣ ለኔ ግን የኛ ይሉኝታ የበለጠ ይጠጋዋል፣ ውለታ የበላህለት ሰው፣ ስሙን የተሸከምክለት ቤት፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ የሚጭንብህ ሸክም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንን እነዚህን ፊልሞች ከአሜሪካዊው ቀድመን የምንረዳበት ቦታ ይሄ ይመስለኛል። የ47ቱ ሮኒን ታሪክ ለምሳሌ፣ በ1701 ጌታቸው አሳኖ በኤዶ ቤተ መንግስት ውስጥ ሰይፍ መዘህ አንድ ባለስልጣን ወጋህ ተብሎ ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት፣ አሽከሮቹ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዝም ብለው፣ መሪያቸው ሰካራም መስሎ ጠላትን እያዘናጋ ቆይተው በ1703 መጀመሪያ ላይ ገብተው ያንን ባለስልጣን ገደሉት፣ እነሱም በተራቸው ራሳቸውን እንዲገድሉ ታዘዙ። መቃብራቸው ቶኪዮ ሴንጋኩጂ የሚባል ቤተ መቅደስ ነው፣ እስከ ዛሬ ዕጣን ይጨስላቸዋል። ቴአትር ሆኗል፣ በየዘመኑ ፊልም ሆኗል። ህጉ ጥፋተኞች ናችሁ አላቸው፣ ህዝቡ ጀግኖች ናችሁ አላቸው፣ ጃፓን ያንን ክርክር እስካሁን አልዘጋችውም።

ሁሉም የሳሙራይ ፊልም እንዲህ ይጠይቃል ማለቴ አይደለም፣ ውሸት ይሆናል። አብዛኛው ቻንባራ ነው፣ ቃሉ ራሱ የሰይፍ ግጭት ድምጽ ነው፣ ለመዝናኛ የተሰራ። ቲቪ ላይ ደግሞ ከ1969 እስከ 2011 «ሚቶ ኮሞን» የሚባል ድራማ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ተራ መንገደኛ መስሎ ይዞራል፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ አሽከሩ የሾጉኑ ማህተም ያለበትን ትንሽ ሳጥን ያወጣል፣ ክፉዎቹ ሁሉ መሬት ይስማሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በየክፍሉ እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ጌታ ደግ ነው፣ ክፉው መሃል ያለው ሹም ነው የሚል ማጽናኛ ነው፣ ሰው ከስራ ደክሞ ሲገባ የሚፈልገው ነገር መሆኑ ይገባኛል፣ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያዩታል። ግን ያ ማጽናኛ ካለ «ሃራኪሪ»ም ለምን እንዳስፈለገ ይታያል።

በ2002 ያማዳ ዮጂ የሚባለው አንጋፋ ዳይሬክተር «የምሽቱ ሳሙራይ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ፊልም ሰራ፣ ለኦስካርም ታጭቷል። ሳናዳ ነው የሚጫወተው፣ ያው የ«ሾጉን»ኑ። ዋናው ገጸ ባህሪ ሰይቤ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነው፣ ደሞዙ 50 ኮኩ፣ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታለች፣ ሁለት ሴት ልጆችና መርሳት የጀመራት እናት አሉት። የስራ ሰዓት ሲያልቅ ባልደረቦቹ እንጠጣ ሲሉት ይቅር ይበሉኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ማታ ማታ ለሽያጭ የነፍሳት ጎጆ ይሰራል፣ ልብሱ ተቀዷል፣ ገላውን ለመታጠብ ጊዜ ስለሌለው ይሸታል። የ1990ዎቹ ኢኮኖሚ ከወደቀባቸው በኋላ በየመስሪያ ቤቱ ሲፈራ ሲቸር የነበረው ጃፓናዊ ደሞዝተኛ ይሄን ሰው ወዲያው አወቀው። ከዛ የበላይ አካል አንድ ያመጸ ሰው ሄደህ ግደል ብሎ ያዘዋል፣ እምቢ ማለት አይችልም። ጨለማ ቤት ውስጥ ከሚገድለው ሰውዬ ጋር ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቀብር ወጪ ያወራሉ፣ ሰይቤ ለሚስቱ ቀብር ብሎ ሰይፉን እንደሸጠ ይናገራል፣ በሰገባው ያለው ረጅሙ ሰይፍ ቀርከሃ ነው። ሰውየው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይቀየራል፣ በቀርከሃ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው ብሎ ይነሳበታል። ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ቀርከሃ፣ ያው ድህነት፣ ያው ክብር የሚሉት ነገር ሊገድል ሲነሳ።

እኛ ሀገር ጃፓንን በአድናቆት ያየንበት ዘመን ነበር፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው መጽሐፍ ጽፈዋል፣ የዛው ዓመት ሕገ መንግስታችንም ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግስት ብዙ የወሰደ ነው። ባህሏን ሳትጥል የሰለጠነች ሀገር የሚለው ምስል እስከ ዛሬ ከኛ ጋር አለ፣ እውነትም አለበት። የሳሙራይ ፊልሞቹ የሚጨምሩልን ከስር የነበረውን ሰው ነው፣ መጋዘን ጠባቂውን፣ ሰይፉን የሸጠውን፣ በ1868 ከተሸነፈው ወገን የነበረውን።

ይሄን የመጨረሻውን ሰው ያመጣው ደግሞ በ2025 የጃፓን አካዳሚን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው «ሳሙራይ ታይም ስሊፐር» የሚባል ትንሽ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ያሱዳ ጁንኢቺ ሩዝ የሚያርስ ገበሬ ነው፣ በጣም ጥቂት በሆነ ብር፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰራተኞች ሰራው፣ ኪዮቶ ያለው የቶኤይ ስቱዲዮ የቀረጻ ቦታውን ከፈተለት። በነሐሴ 2024 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ብቻ ጀመረ፣ ከዛ ከ300 በላይ ደረሰ። በታሪኩ ለቶኩጋዋ መንግስት ይዋጋ የነበረው የአይዙ ግዛት አንድ ሳሙራይ በመብረቅ ተመትቶ ዛሬ ላይ፣ የሳሙራይ ድራማ በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ይነቃል። መንግስቱ ወድቋል፣ የአይዙ ሰዎች አልቀዋል። አንድ ቤት ኬክ ይሰጡታል፣ ይሄን ተራ ሰው ሁሉ ይበላዋል ወይ ብሎ ይጠይቅና እንባው ይመጣል። ከዛ የሚኖርበት ስራ ይፈልጋል፣ የሚያውቀው ሰይፍ ብቻ ስለሆነ ኪራሬያኩ ይሆናል፣ ይሄ በፊልሞቹ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ በጀግናው ሰይፍ እየተመታ የሚወድቀው ተዋናይ ነው። የዚህ ሙያ ታላቁ ሰው ፉኩሞቶ ሴይዞ ነበር፣ በ2021 ነው ያረፈው፣ በህይወቱ ሃምሳ ሺህ ጊዜ ሞቷል ይባልለታል፣ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተለጥጦ ሲወድቅ የሱ እንደሆነ ሰው ከሩቅ ይለየው ነበር። ቲቪው ድራማውን ሲያቆም ስራ ያጡት እነዚህ ናቸው።

ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰይፍ ብረት መስሎ የተቀባ ነው፣ ስሙም እስከ ዛሬ ታኬሚጹ ነው፣ የቀርከሃ ስለት እንደማለት። ያ ከድሮ የመጣ ሳሙራይ በዚህ በማይቆርጥ ሰይፍ መሞትን ይማራል፣ ያምርበታልም። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ሁለት ተዋናዮች ለመጨረሻው ፍልሚያ እውነተኛ ሰይፍ ይሁን ብለው ይስማማሉ፣ ስቱዲዮው ጸጥ ይላል፣ ካሜራው እየሰራ ነው፣ ሙዚቃ የለም፣ ሁለቱም ይመዙና ይቆማሉ፣ ለረጅም ጊዜ ማናቸውም አይንቀሳቀሱም፣ ብረቱ ከባድ መሆኑ እጃቸው ላይ ይታያል።